ከበይራ ሥር የተጻፈው ስም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእሳቸው የምነግራቸው ትንንሹን ነው፤ ጾም መሻሬን፣ ሰው መሳደቤን። ይሄኛውን ውጬ ይዤው ኖርኩ። ዛሬ ለማላውቅህ ላንተ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ እወቅ፤ ተራ ሰው የሚያወራህ እንዳይመስልህ።

ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በጭነት ወረቀት ላይ፣ ፈረንሳይኛ የተማርኩት ሳምቡሳ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። መንዳት ትቼ እዚያው ጅቡቲ ከተማ፣ ዋራበሌ ሰፈር ስቀመጥ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ካለ አንድ ቪላ የተጣለ ላፕቶፕ አንስቼ፣ ፈታትቼ፣ በገዛ እጄ አስነሳሁት። የተማሩት አይተው “ሞቷል” ብለውት ነበር።

በዚያ ላፕቶፕ የአራዊት ማቆያ የሚገነባበትን ጨዋታ ለመድኩ። አጥር ትሠራለህ፣ እንስሳ ታስገባለህ፣ ጎብኚ ይመጣል። እኔ እንደሠራሁት የሠራ የለም። ታዲያ የጨዋታው ባለቤቶች ሁለተኛውን ክፍል ሊያወጡ ሲሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን የትኞቹ እንስሳት ይግቡ ብለው ተጫዋቾችን ጠየቁ። ሐሳቡ የተመረጠለት ሰው ስሙ ከእንስሳው ሥዕል ሥር ይጻፋል አሉ።

መልሱን ብታይ ታፍርላቸው ነበር። ከዓለም ዳር እስከ ዳር አንድ ጩኸት፤ ፓንዳ፣ አንበሳ፣ ነጭ ነብር፣ ደግሞ ፓንዳ። የአሻንጉሊት ሱቅ ዝርዝር! ጅቡቲ ምኒልክ አደባባይ ካፌ የሚቀመጡትን የኛዎቹን ሹፌሮች ብጠይቃቸው፣ “ጋሼ፣ አንበሳ ከሌለ ምኑን ማቆያ ሆነ?” አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን በዝንጀሮና በሰጎን መሃል የነዱ ሰዎች ናቸው እኮ! ዐይን የላቸውም፤ ያላቸው የመኪና መስታወት ነው።

እኔ ግን በይራን ጻፍኩ። በይራ ከጅቡቲ በስተደቡብ፣ ከአሊ ሳቢህ ከተማ ወዲያ ባሉት የድንጋይ ተራሮች የምትኖር፣ ሚዳቋ የምትመስል፣ ጆሮ ሰፊ እንስሳ ናት። ከየት አወቅኋት? በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም። ለካ እኔም መስታወት ነበርኩ። ያወቅኋት ከሮብሌ ነው።

ሮብሌ ዲሪዬ ቡህ ላፕቶፑ የተጣለበት ቪላ ዘበኛ ነበር። ድሬዳዋ ስለኖረ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ማንበብ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይችልም። ቀትር ላይ ጫት ከደረሰ በኋላ በሩ ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈን ያወራኛል። በይራ ውኃ ፍለጋ እንደማትወርድ፣ ከቅጠል እንደምታገኘው፤ ኮቴዋ እንደ ጎማ ስለሚለመጥ ገደል ላይ እንደማትንሸራተት፤ አንዷ ስትደነግጥ ሁሉም ጠጠር እያስፈናጠሩ ወደ ላይ እንደሚሸሹ። ሁሉንም ከአባቱ ጋር በዐይኑ ያየውን ነገረኝ። እኔ ጻፍኩ።

“አንተ ሹፌር፣” አለኝ አንድ ቀን፣ “ስሜን ትጽፍልኛለህ አይደል? ሃያ ዓመት እዚህ በር ላይ ስቀመጥ ጌቶቹ ይለዋወጣሉ፣ ሁሉም በፈረንሳይኛቸው ‘ጋርዲየን’፣ ዘበኛ ነው የሚሉኝ።”

“እግዜር ምስክሬ ነው፣ እጽፋለሁ።”

“ሦስቱንም ነው። እኔን፣ አባቴን፣ አያቴን።”

“አያትህን ደግሞ ከኮምፒውተር ምን አገናኘው?”

“ተራራው የማን ሆነና!” ብሎ ሳቀ።

ጻፍኩለት? ጽፌው ነበር። ከዚያ አጠፋሁት። የሱን ስም አጥፍቼ የራሴን ጻፍኩ። ለምን? “የዘበኛ ምስክርነት ማን ያምናል” አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። ያስጨነቀኝ እንደሚያምኑት ነበር።

በይራ ተመረጠች። የእንስሳቱ ዝርዝር የወጣ ዕለት ላፕቶፔን ይዤ ሀራሙስ ሄድኩና በሩ ሥር ከፈትኩለት። በይራዋ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ሮብሌ ፊቱን አስጠግቶ ጆሮዋን አየ፣ ኮቴዋን አየ። “እሷ ናት” አለ። ቀጥሎ፣ “ስሜስ?”

አለማንበብ ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ፣ በወጣትነቴ ባላነበብኩት ወረቀት ላይ ጣቴን አትሜ የተሞኘሁ እኔ፣ ያንኑ ጣቴን የራሴ ስም ላይ አድርጌ “ይኸውልህ” አልኩት።

ሮብሌ ፊደል አያውቅም እንጂ መቁጠር ያውቃል። “ሁለት ነው” አለ። “ሦስተኛው የታለ? አያቴስ?”

እኛ ስማችንን አባት ላይ እንጨርሳለን። እነ ሮብሌ ዘንድ አያት ያልተጠራበት ስም ጎዶሎ ነው። ብልጡ እኔ ይህን አልቆጠርኩም። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ እሱ ራሱ በሩን ከፍቶልኝ ነበር እኮ። እኔ ግን ምላሴ ሳይደናቀፍ፣ “ፈረንጆች አያት አይጽፉም” አልኩት።

“ምስኪኖች፣” አለ ከልቡ እያዘነላቸው። ከዚያ ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ ስሙን ዳሰሰው። የእኔን ስም “ሮብሌ፣ ዲሪዬ” እያለ ዳሰሰው።

ወረቀት ላይ አሳተምኩለት። ሥራውን ትቶ አሊ ሳቢህ ወደ ዘመዶቹ ሲገባም ይዞት ሄደ። ባለፈው ደውሎ፣ “ለዒድ ትምህርት ቤት የገቡት ዘመዶቼ ሁሉ ይመጣሉ፤ በሰው ፊት ጮክ ብለው ያነቡልኛል” አለኝ። ሰው ሞልቶ በተቀመጠበት ምን ብለው እንደሚያነቡ ገባህ?

ይቅር በለኝ አልልህም። ፓንዳ የሚለምነውን ሁሉ እየናቅሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እነሱ ግን የማንንም ስም አልወሰዱም። የሠራሁትን ብቻ ልዘርዝርልህና ልጨርስ።

ጋላፊ በረሃ ላይ የቆመ መኪና ያለ መካኒክ አስነስቻለሁ።

ሁለት ቋንቋ ያለ አስተማሪ አንብቤአለሁ።

ከዓለም ሕዝብ ማንም ያልጠየቃትን እንስሳ ከመጀመሪያው ቀን አስገብቻለሁ።

ለጨዋታው ባለቤቶች እውነቱን የሚናገር ደብዳቤ በጥሩ ፈረንሳይኛ ጽፌአለሁ፤ አልላክሁትም።

ባለፈው ሳምንት አሊ ሳቢህ ድረስ ሄጄ፣ ሮብሌ ቤት ገብቼ፣ ሻዩን ጠጥቼ፣ ግድግዳው ላይ ስሜን አይቼ፣ “ጥሩ አድርገህ ሰቅለኸዋል” ብዬው ተመልሻለሁ።