በሩን ቀለም የቀባሁበት ሳምንት

ሰው ሲሠራ ቆሜ ሳላይ ማለፍ አልችልም። ብየዳ የተማርኩት በዚሁ ጠባዬ ነው፤ ሰበታ ገና ጥቂት ብረት ቤቶች ብቻ በነበሯት ጊዜ፣ ከአንዱ ደጃፍ እየቆምኩ የሠራተኞቹን እጅ በማየት። ማንበብም ቢሆን አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቋረጥኩ በኋላ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እየፈታሁ ራሴን ያስተማርኩት ነው። ልጄ ድራማ ለመማር አዲስ አበባ ኮሌጅ ስትገባ አጥብቄ ተቃውሜ ነበር። ተቃውሞዬ ቀስ በቀስ ሲያልቅ ግን ያው የድሮ ጠባዬ ተመለሰ። ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ።

ለመመረቂያዋ አጭር ድራማ መሥራት ነበረባት። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ገጹ በማስመሪያ ስምንት ሳጥን ሆኖ ተከፋፍሏል፤ በየሳጥኑ ውስጥ በእርሳስ የተሣለ ሥዕል አለ፤ አንዳንዱ ሥዕል ላይ ደግሞ ቀስት ተሰምሯል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ስቶሪቦርድ ነው፣ አባዬ። ካሜራው የሚያየውን አስቀድሜ እስለዋለሁ። የድራማው መክፈቻ ነው።»

«ቀስቱስ?»

«ካሜራው የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል።»

«ስምንቱ ሥዕል አንድ ላይ ምን ያህል ይቆያል?»

«አንድ ደቂቃ ተኩል።»

«ለአንድ ደቂቃ ተኩል ይሄን ሁሉ?»

«አንተስ ብረት ከመቁረጥህ በፊት መሬት ላይ በጠመኔ ትስል የለ እንዴ?»

መልሷ ደስ አለኝ። ቁጭ ብዬ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ላይ መንገድና አንድ ባጃጅ አለ። ሁለተኛው ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ከኋላዋ ትታያለች። ሦስተኛው ላይ ተማሪዋ በር ታንኳኳለች፤ በሩን ወዲያው አወቅኩት። መሃሉ ላይ ያለውን የአልማዝ ቅርጽ ጀማሪ ሳለሁ በመዶሻ እየቀጠቀጥኩ ያወጣሁት፣ የራሳችን የግቢ በር ነው። አራተኛው ሥዕል የበሩን ታች ብቻ ያሳያል። ዝገት የበላው መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ውስጥ የወንድ ጫማ ይታያል። አምስተኛው ሳጥን ባዶ ነው። «እጅ?» የሚል ጽሑፍ ብቻ አለበት።

«አምስተኛው ለምን ባዶ ሆነ?»

«ገና አላገኘሁትም» አለችና ደብተሩን ዘጋችው።

ስለ አራተኛው ሥዕል አልጠየቅኳትም።

ምክንያቱን ልናገር። አሥረኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብ እንድትወጣ አዝዣት ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዘግይታ መጣች። ከክበቡ እንደምትመጣ አውቄ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬው ነበር። አንኳኳች፤ ተጣራች፤ ዝናብ ጀመረ። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። እናቷ ከጓዳ ስትወጣ ስሰማ ሹልክ ብዬ ወደ ብየዳ ክፍሌ ገባሁ፤ የከፈተችላት እናቷ ናት። ልጄ ረጥባ መጥታ «አባዬ፣ አልሰማኸኝም?» አለችኝ። «ብረት መሞረጃውን ግራይንደር ይዤ ነበር፤ በጩኸቱ አልሰማሁም» አልኳት። በኔ ቤት ውሸት የተናገረ ልጅ እራት አይቀርብለትም ነበር። ያን ቀን ማታ እኔ እራቴን በላሁ።

የዋሸሁትን ማንም እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ያንን ጫማ እስካየሁ ድረስ።

በማግስቱ ልጄ እዚያው ልታድር ኮሌጅ ስትሄድ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ታችኛውን ቀዳዳ በላሜራ ጣፍኩት፤ ስቱኮ ሞላሁበት፤ ለሰለሰ። ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት፣ ከዚያ ሁለት እጅ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ማጠፊያዎቹንም ግራሶ አጠጣኋቸው።

«ሠርግ አለብን እንዴ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ አይደል? ካሜራ ይዘው መጥተው ዝገት ቀርጸው ይሂዱ?»

ለራሴም ያልኩት ይህንኑ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግቢ ይጠረጋል፤ የተበላሸ ይጠገናል፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ነገር ግን መጀመሪያ የደፈንኩት የቱን እንደሆነ ከላይ ጽፌዋለሁ። አንባቢ ይፍረደኝ።

ዓርብ ጠዋት ልጄ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። አንደኛው ጸጉሩን ሹሩባ የተሠራ ረጅም ልጅ ነው፤ ካሜራውን የሚይዘው እሱ ነው። ሌላዋ የተማሪዋን ቦታ የምትጫወተው ልጅ ናት። ልጄ በሩ ፊት ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባዬ… ምን አደረግከው?»

«አሳመርኩት።»

ገፋችው። ያለ አንዳች ድምፅ ተከፈተ። መልሳ ሳበችው። ያለ ድምፅ ተዘጋ።

«ሲጢጥታውስ?»

«ግራሶ አደረግኩበት።»

ባለካሜራው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ጋሼ! ያ ዝገት እኮ ራሱ አክተር ነበር!»

«ዝገት በሽታ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው በጤናው እንቅረጸው» አለ ወደ ልጄ ዞሮ።

«አይሆንም» አለችው። «ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው። ገና ማንም ሳይናገር፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሳይጠገን የቆየ ነገር እንዳለ ማወቅ አለበት። አሁን ግን ደስ ብሏቸው የሚጠብቋት ነው የሚመስለው።»

እኔን አላየችኝም። ኮሌጁ ካሜራውን የሰጣቸው ለዓርብና ለቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ቀጣዩ ተራቸው የሚደርሰው ሥራው የሚገባበት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ከበሩ ላይ ቀለም መፋቅ ይቻላል፤ የብዙ ክረምትን ዝገት ግን በአንድ ቀን የሚሠራ ሰው የለም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ታገላብጥ ጀመር።

«ይህን በር የመሰሉ ሌሎች ሁለት ሠርቻለሁ» አልኳት በመጨረሻ። «አንዱ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ። ያው ላሜራ፣ ያው አልማዝ።»

ቀና አለች። «አሁንም አሉ?»

«ሄደን እንያ።»

ታክሲ እየቀያየርን ቡራዩ ደረስን። መንገዱን ሙሉ ካሜራውን ጉልበቱ ላይ ያቀፈውን ልጅ በጥያቄ አደከምኩት። ሌንሱ ለምን ይቀያየራል? ቅርቡ ጠርቶ ሩቁ የሚደበዝዘው እንዴት ነው? «ጋሼ፣ አንደኛ ዓመት ላይ እርስዎን አጠገቤ ባገኝ ኖሮ ክላስ አልቀጣም ነበር» አለኝ፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም። ቡራዩ ግን በሩ የለም። በቦታው አዲስ የሚያብረቀርቅ በር ቆሟል። ሴትዮዋ ብቅ ብላ «ያንን አሮጌ? ቆራሌው ወሰደው» አለችን። ልጄ አመስግናት ዞር አለች። የዓርቡ ቀናችን በዚሁ አለቀ።

ቅዳሜ ሱሉልታ ሄድን። ከእንጦጦ ማዶ ያለው ንፋስ ከሰበታው ይበልጥ ይቆርጣል። የዛሬ ስንት ዓመት በሩን የሠራሁላቸው ገበሬ አርጅተዋል። በሩ ግን አለ። አልማዙ ተጨራምቷል፤ ታቹን ዝናብና ጭቃ በልቶታል።

«አካም ጅርቱ፣ አባቴ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ፈያ፣ ነጋ። ቆይ፣ አንተ ያ የሰበታው ብረት ሠሪ አይደለህም? በሩን አጣምመህብኝ የሄድከው!»

«በሩ አልተጣመመም። መሬቱ ነው የሰመጠው።»

«መሬቱንማ እኔ ረግጬ ሳላሰምጠው አልቀርም።»

ልጆቹ ሳቁ። የመጣንበትን ነገርኳቸው። «ይሄን ሁሉ ላም ትታችሁ በር ልትቀርጹ?» አሉ። «እሺ፣ ግቡ። ላሞቹ ሲመለሱ ግን በሩ ይከፈታል፤ ለድራማ ብዬ ደጅ አላሳድራቸውም።»

ሥራው ተጀመረ። ልጅቷ ከመንገዱ ጫፍ እስከ በሩ ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከቅርብ፣ አንዴ እግሯ ብቻ። ኋላ ተቆራርጦ ሲገጣጠም አንድ ጊዜ የሄደች እንደሚመስል ልጄ አስረዳችኝ። ይህ ወዲያው ገባኝ። ቁርጥራጭ ብረት በነጥብ በነጥብ ተይዞ፣ ተበይዶና ተሞርዶ ሲወጣ አንድ በር እንደሚመስለው ነው። ፀሐይዋን በአሉሚኒየም ወረቀት በተለበጠ ካርቶን እየመለሱ የልጅቷ ፊት ላይ ሲያሳርፏት ደግሞ እንደ ልጅ ተገርሜ አየሁ።

አራተኛው ሥዕል ላይ ሲደርሱ ልጄ «አባዬ፣ ከውስጥ ትቆምልኛለህ? ጫማህ ብቻ ነው የሚታየው» አለችኝ። ቆምኩ። ባለካሜራው ደጅ መሬት ላይ ተኝቶ ቀረጸ። ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ተማሪዋ ደጅ ቀረች።

«አሁን እጅ ነው የቀረን» አለች ልጄ። «እጅህን ታውሰኛለህ?»

መቀርቀሪያው ላይ አደረግኩት። ባለካሜራው ጠጋ ብሎ ሌንሱን ማስተካከል ጀመረ። እሷ ድምፅ የምትሰማበትን ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትጠብቃለች። ያኔ አንደበቴ ተፈታ።

«ያን ቀን ግራይንደር አልያዝኩም ነበር» አልኳት። «ሰምቼሻለሁ። ከመጀመሪያው።»

«አውቃለሁ። ጫማህን አይቼዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። «የማላውቀው እጅህ የት እንደነበር ነው።»

ባለካሜራው ዓይኑን ከሌንሱ አላነሳም። ያ ልጅ ጨዋ ነው።

«መቀርቀሪያው ላይ ነበር» አልኳት። «ሁለት ጊዜ እስከ ግማሽ ስቤ መለስኩት።»

 ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «እንደዚያው አድርገው። ቶሎ አትመልሰው፤ ግማሽ ላይ ቆይ። አክሽን!»

ደጅ ያለችው ልጅ ማንኳኳት ጀመረች። የማላውቀው ነገር እዚህ ጋ ነበር፤ የምታንኳኳው እያንዳንዷ ምት በብረቱ አልፋ መዳፌ ውስጥ ትገባለች። ያን ቀንም ገብታ ይሆናል፤ በንዴት ተሞልቼ ስለነበር አልተሰማኝም። ሳብኩት፣ መለስኩት። «ከት! እጅህ ፈጠነ።» ደገምን። «ከት! ጥላህ ገባ።» ደገምን። ለአራተኛ ጊዜ ስንደግም ሽማግሌው ከጓሮ ጮኹ፦

«ኧረ ልጅቷን ብርድ ሊገድላት ነው! ክፈትላት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ከት!» አለች ልጄ ማዳመጫዋን አውልቃ። ሁሉም ሳቀ፤ ደጅ ያለችውም ሳቋ ተሰማ። ላሞቹ ከታች ከሜዳው መመለስ ጀምረዋል። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረን» አለች። «አክሽን!»

በሩ ተንኳኳ። መቀርቀሪያውን እስከ ግማሽ ሳብኩት። ቆየሁ። መለስኩት። ደግሞ ሳብኩት፤ በዚህ ጊዜ ግን እጄ ግማሽ ላይ አልቆመም። መቀርቀሪያው እስከ ጫፉ ወጣ፤ በሩ እያቃሰተ ተከፈተ፤ ዩኒፎርም የለበሰችው ልጅ እጇን ለማንኳኳት እንዳነሳች ፊቴ ተገተረች።

ልጄ «ከት» አላለችም። ካሜራው እየቀረጸ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ።

«አባዬ፣ ይሄ መክፈቻው እኮ ነው። አሁን ከከፈትክላት ድራማው አለቀ።»

«ይቅርታ።»

«ምንም አይደል። ላሞቹ ሳይደርሱ አንዴ እንድገመው።»

ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄ በሩን ፊቷ ላይ መልሼ ዘጋሁት።