ቀጥ ብሎ የበረረው አውሮፕላን

ባለቤቴ የአውሮፕላን ማረፊያው ጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበር። ቀን ትልልቆቹን ሲጠግን ይውልና ከሥራ መልስ ቦሌ ቤታችን ጓዳ ውስጥ ትንሹን ይሠራል፤ በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ አየር ላይ የሚገለባበጥ አውሮፕላን። ሬዲዮውን ያመጣው ከአብዮቱ በፊት ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ነው። ክንፉን ያለበስኩት ግን እኔ ነኝ፣ በሠርግ ቀሚሴ ገበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልደርስም እያየሁ፣ በጥያቄ እያሰለቸሁት፣ ነገሩ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚዛኑን ለማየት አውሮፕላኑን ክንፉ ሥር በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ያነሣዋል። አፍንጫው ትንሽ ካዘቀዘቀ ጨዋ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የተሳሳተ እጅም ይችላል፣ ግን አይጫወትም። ባትሪው ወደ ጭራው ከተጠጋ ደግሞ ይገለበጣል፣ ይሽከረከራል፤ ለአፍታ ከዘነጉት ግን ያብዳል።

"ሁለቱን አንድ ላይ አይሰጥም" ይለኝ ነበር። "እንደ አንቺው ነው። ወሬው ሲደምቅ ወጡ ያርራል።"

ያን ጊዜ ጠዋት የወጣ ሰው ማታ መግባቱን የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። የሬዲዮውን አንቴና ስቦ አወጣና መልሶ ከተተው።

"ጓድ፣ ይሄ ከማን ጋር ያገናኛል?"

"ከአሻንጉሊቱ ጋር ብቻ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።"

"እንግዲያው ነገ ገርጂ ሜዳ ላይ ሲያገናኝ እናየዋለን።"

ከሄዱ በኋላ ብቅ ያለ ጎረቤት የለም። ድመታችን ብታስነጥስ "ምን ሆነች?" የሚሉን ሰዎች ናቸው።

ባለቤቴ ባትሪውን ወደ ፊት ገፋው። አፍንጫው እንዲከብድ የእርሳስ ብረት ቁራጭ ጨመረበት። ክንፉን የሚያዝዘውን ሽቦም እንቅስቃሴው እንዲያንስ አድርጎ አሰረው።

"የማረፊያው አጥር ቅርብ ነው" አለኝ። "አብዶ እዚያ ከገባ፣ እኔ የምገባበትን ታውቂዋለሽ።"

እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ እኔ ወረወርኩለት። እንደ ተጫነ በቅሎ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ስንዝር አልተዛነፈም። እኔም ትንፋሼ መለስ አለ። ሊቀ መንበሩ ግን ዓይኑን ከሰማይ አላነሣም።

"በጣም ቀጥ ብሎ ይሄዳል።"

"አዎ፣ ጨዋ ነው።"

"የእጅ ቦምብ ቢያስሩበት ይሸከማል?"

ከኋላችን ትልቅ አውሮፕላን ሲነሣ መሬቱ ተርገፈገፈ፤ ዘወር ያለ ሰው ግን የለም። ባለቤቴ ትንሹን አሳረፈ። ሆዱን ከፈተ፣ እርሳሱን አውጥቶ ሣሩ ላይ ጣለ፣ ባትሪውን ወደ ኋላ መለሰ፣ ሽቦውን ፈታ።

"ጓድ፣ ይሄ ጭነት አይችልም። ተፈጥሮው ሌላ ነው፤ ይዩት።"

ደግሜ ወረወርኩት። ያንን ያህል ሲያምር አይቼው አላውቅም። በጀርባው በረረ፣ ተሽከረከረ፣ ወደ ላይ ተወርውሮ ተገለበጠ። ከጠባቂዎቹ ወጣቱ ሳቁ አመለጠው።

"ጠጅ ቤት ያደረ ነው የሚመስለው!"

ወዲያው እጅግ ዝቅ ብሎ ሊገለበጥ ሲል ክንፉ መሬት ነካና ጭቃው ውስጥ ተሰካ። ወጣቱ ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ እርሳሱን ከሣሩ ላይ አነሣ። በመዳፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነው።

"ተፈጥሮው ይሄ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሌላ አስመስለህ ያቀረብክልን ለምንድን ነው?"

ባለቤቴ አየኝ። "ፈርቼ ነው" አለ።

"የሚፈራ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በጨዋ ድምፅ፣ "እህቴ፣ ለማጣራት ያህል ነው። አሁኑኑ ይመለሳል" አለኝ።

ባለቤቴን መሐል አስገብተው ሜዳው ዳር ወደቆመው መኪናቸው መንገድ ጀመሩ። ሲስቅ የነበረው ወጣት ወደ ኋላ ቀረት አለ። ሬዲዮውን ብብቱ ሥር ይዞ፣ ፊቴን ሳያይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረኝ።

"እትዬ፣ ጋቢ ያምጡለት። ወፈር ያለውን።"