ዋጋው ሳልከራከር የወረደልኝ ሌንስ

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ፋብሪካ፣ በእረፍት ሰዓት፣ አብራኝ የምትሠራ ሴት ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። ልጇ ኳስ ሲጫወት ከዳር ሆና የምታነሳበት ያገለገለ የሩቅ ሌንስ ልትገዛ ነው። ካሜራ እንደምወድ ሰምታ ኖሮ ምክር ፈለገች። እኔ ደግሞ ምክር መስጠት አይደክመኝም። መስታወቱን በመብራት እይው፣ ቀለበቱን ስታዞሪው አሸዋ አሸዋ የሚል ድምፅ ካለው ትተሽው ሂጂ፣ በራስሽ ካሜራ ሳትሞክሪ እንዳትከፍይ እያልሁ አስተማሪ ሆንሁባት። ሰምታ ሰምታ፣ «አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች። «ሰውዬው ሳልጠይቀው ዋጋውን ቀነሰልኝ። ልፍራ እንዴ?»

ሳቅሁ። ወይ ተሰብሯል ወይ ተሰርቋል አልኋት። ሻዩን ግን አልጨረስሁት። እኔም አንድ ጊዜ ዋጋው ሳልከራከር የወረደልኝ ሌንስ ገዝቻለሁ። ዕቃው ምንም እንከን አልነበረውም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከሠራዊት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። እናቴና እኔ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሊፍት በሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ ታንጉት ትምህርት ቤት ታጸዳለች፤ እኔ ፋብሪካ እውላለሁ። ታላቅ እህቴ ብርቄ ጎንደር ቀርታለች። እኛ ስንመጣ እሷ ባል አግብታ ስለነበር ፋይሏ ተለየና «ትከተላችኋለች» ተባልን። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየተከተለችን ነበር። በዚያ ዓመት ግን መንግሥት የቀሩትን አመጣለሁ አለ፣ የብርቄም ስም ዝርዝር ውስጥ ገባ። እናቴ በሰማች ማግስት አዲስ ብርድ ልብስ ገዝታ አልጋ ላይ አነጠፈች። ሰው እንዳይቀመጥበት ብላ እኔን እንኳ ከክፍሉ አባረረችኝ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት የአንድ ጎረቤታችን ዘመዶች ሲገቡ ካሜራዬን ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ነበር። ተቀባዮችን ከአጥር ወዲህ ያቆሙናል፤ መጪዎቹ ወዲያ ማዶ፣ ከሩቅ፣ በደረጃ ይወርዳሉ። እኔ የነበረኝ ከካሜራው ጋር የመጣው አጭር ሌንስ ብቻ ነው። ቤት ገብተን ፎቶውን ስንከፍተው ሰዎቹ ጉንዳን አክለዋል። ጎረቤታችን ጣቷን በስክሪኑ ላይ እያንከራተተች «ልጄ የትኛዋ ናት?» ስትለኝ አፈርሁ። እናቴ ያን አይታ ነው መሰል፣ አንድ ማታ እንዲህ አለችኝ፦

«ብርቄ ከደረጃው ስትወርድ ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ። አጠገባችን ከደረሰችማ ሁላችንም እናለቅሳለን፤ በእንባ ፊት አይታይም።»

እንግዲህ ብርቄ ጉንዳን እንዳትሆን የሩቅ ሌንስ ማግኘት የኔ ፈንታ ሆነ። ካሜራዬ ምስሉን የሚይዘው ሰንሰሩ ትንሽ ከሚባለው ወገን ነው፤ ባለሙያዎች ይንቁታል። ለሩቅ ግን ትንሽነቱ በጀኝ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሜትር የሚባል ሌንስ እሱ ላይ ሲገባ አራት መቶ ያህል ሆኖ ሩቁን ያቀርበዋል። የአዲሱ ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ያገለገለ ስፈልግ ስፈልግ እዚያው ከተማችን ውስጥ አገኘሁ። ሻጩ ጋሽ ተገኘ የሚባሉ፣ ሕዝባችን በአውሮፕላን በተጓዘበት ዘመቻ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ የሠርግ ፎቶ ሲያነሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማስታወቂያው ላይ «ዋጋው አይቀነስም» የሚል ጽፈውበታል። እኔም ለክርክር ተዘጋጅቼ፣ የምለውን በልቤ እየደጋገምሁ፣ ዓርብ ጠዋት ሄድሁ።

የበዓላቱ ወር አልፎ፣ ዝናብ ሳይጀምር፣ ከምሥራቅ የሚነፍሰው አቧራማ ነፋስ የመጣበት ቀን ነበር። ሰማዩ እርድ የነሰነሱበት መስሏል። ከከተማው ዳር ያለው የታረሰ መሬት ሁሉ ተነሥቶ አፋችን ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ጥርስ መሃል ይንኮሻኮሻል። መንገድ ላይ ሰው የለም።

ጋሽ ተገኘ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ሚስታቸው ማድ ቤት ሆነው ለነገው የቅዳሜ ሰንበት ሽንኩርት ይከትፋሉ። ሌንሱን ተቀብዬ በስልኬ መብራት አየሁት፣ ቀለበቱን አዞርሁት፣ ካሜራዬ ላይ ገጥሜ በመስኮት አሻግሬ አየሁ። ወይ ጉድ! ማዶ ሰገነት ላይ የተሰጣ ካልሲ ቀዳዳው ሳይቀር ይታያል።

«አይዞህ፣ ሻጋታ የለውም። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኩት» አሉኝ። ከዚያ «የማን ልጅ ነህ?»

እኛ ዘንድ ይህ ከሰላምታ ይቆጠራል። ሌንስ ልትገዛም ሄደህ የማን ልጅ እንደሆንህ ሳይታወቅ አትወጣም።

«የታንጉት ነኝ» አልሁ፤ «ትምህርት ቤት የምታጸዳዋ።»

«ጎንደር ልጅ ያለቻት?»

«አዎ፣ ብርቄ። ልትመጣ እኮ ነው! ይህንንም የምገዛው ከአውሮፕላን ስትወርድ ላነሳት ብዬ ነው።»

የማድ ቤቱ ቢላ ዝም አለ። ጋሽ ተገኘ የሌንሱን ክዳን አንሥተው ሊገጥሙት ሞከሩ፤ ሳቱት። ደግመው ሳቱት። ይህ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ክዳን ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ነው።

«ግማሹን ስጠኝ» አሉኝ ፊቴን ሳያዩ።

«የምኑን ግማሽ?»

«የዋጋውን። ግማሹ ይበቃል። ውሰደው፣ ልጄ።»

ያን ሁሉ የተለማመድሁት ክርክር አፌ ላይ ቀረ። ሚስታቸው ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ሽንኩርቱ ነው ብዬ አሰብሁ። «በልቷል?» ብለው እኔን ሳይሆን ባላቸውን ጠየቁ። በልቻለሁ ብል ማን ሰምቶኝ! አስቀምጠው ትሪ አቀረቡልኝና ሁለቱም ቆመው ስበላ ያዩኝ ጀመር። «ብላ፣ ሰው ባዶ ሆዱን አይሆንም» ይላሉ ሚስትየዋ። በሩ ላይ እጄን ይዘው አለቀቁኝም። «እናትህን…» ብለው ጀመሩና ትንፋሽ ወስደው «ሰላም በልልኝ» አሉ። እናቴን በወጉ እንኳ አያውቋትም።

ወደ ቤት ስመለስ ነገሩ ባሰ። ከበርበሬና ጤፍ መሸጫው ሱቅ ደጅ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አምስት ሽማግሌዎች አሉ። ሳልፍ ወሬያቸው ተቋረጠ። ከዚያ ሁሉም ብድግ አሉ። አባቴ የሚሆኑ ሰዎች፣ ለእኔ! «ኧረ ተቀመጡ በማርያም!» አልሁ የድሮ አፌ አምልጦኝ፤ አይሁድ በማርያም አይምልምና ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደ ቄስ በገሠጹኝ ነበር። ያን ቀን አንዱም አልገሠጸኝም፤ አንዱም አልሳቀም። አንደኛው ትከሻዬን ዳበስ አድርጎኝ ተቀመጠ።

ቤት ስደርስ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ዘነቡ፣ ከእናቴ ጋር በልብስ ማስጫ ውሃ ጠብታ ተጣልታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ያላለችን፣ የእናቴን ዘንቢል ተሸክማላት ደረጃውን እየወጣች ነው። እናቴ ባዶ እጇን ከኋላ ትከተላለች።

«እማ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነካው?» አልኋት በሩ ሲዘጋ።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ እያወጣች «ዓርብ ነው» አለችኝ። «ሰው ዓርብ ደግ ይሆናል።»

ብርቄ ከረቡዕ ጀምሮ ስልክ አታነሳም ነበር። ያኔ ከጎንደር ጋር መስመሩ አንዴ ይኖራል አንዴ ይጠፋል፤ ኔትዎርክ ነው ብዬ ተውሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ቅዳሜ ሰው መጣ፤ ሄደ፤ ሌላ መጣ። ይቀመጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ነፋሱ መዝጊያውን ያንኳኳል፤ ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ ያያል፤ ማንም የለም። ከሁሉ የገረመኝ፣ በሌላ ሰንበት ገና ሳይቀመጡ «ብርቄ መቼ ነው የምትገባው?» የሚሉት ሰዎች ያን ቀን ስሟን አንድም ሰው አልጠራም። ብርቄ የምትባል ሰው ተፈጥራ የማታውቅ ያህል። እኔ ራሴ ላነሳት ብዬ አፌ እምቢ አለኝ። ሲሄዱ እናቴ ሰንበት እሳት አይጫርምና ከዓርብ ጀምሮ ከበራው ማሞቂያ ላይ የዓርቡን ዶሮ አውርዳ ፈረሰኛውን ለእኔ አደረገችው። እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። «ምነው?» ስላት «ዝም ብለህ ብላ» አለችኝ።

እሑድ፣ እዚህ አገር ሥራ በሚጀመርበት ቀን፣ ንጋት ላይ ነቃሁ። ነፋሱ ቆሟል፤ አየሩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ሌንሱን መሞከር ያማረኝ ሰንበቱን ሙሉ ነበርና ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። ካርሜ ጋት የሚባለው አዲስ ሰፈር ያኔ ገና እየተሠራ ነው፤ የክሬኖቹን ጫፍ አየሁ፣ እላያቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበብሁ፣ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ከዚያ ሌንሱን ዝቅ አደረግሁት።

መንገዳችን መጨረሻ ላይ፣ ከተዘጋው ኪዮስክ አጠገብ፣ መኪኖች ቆመዋል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ክብ ሠርተዋል። በባዶ ዓይን ነጠብጣብ ናቸው። በሌንሱ ፊት አላቸው። ሠርግ ነው እንዴ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ነጠላቸውን ማዘቅዘቃቸውን አየሁ። ጋሽ ተገኘን አየሁ። ሚስታቸውን አየሁ። ከሱቁ ደጅ የተነሡልኝን ሽማግሌዎች አየሁ። መሃላቸው የእናቴ ወንድም ቆሟል፤ ሰሜን ነው የሚኖረው፤ በዚህ ሰዓት እዚህ ለመገኘት ሌሊቱን ሲጓዝ ማደር አለበት። አጎቴ እጁን አነሣና ለሰዎቹ የእኛን ሕንፃ አሳያቸው። ከንፈሩ ሲቆጥር ይታየኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣቱ አራተኛው ላይ ቆመ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ዓይኔ።

ካሜራውን ከፊቴ አነሣሁት፤ ነጠብጣቦቹ መንቀሳቀስ ጀምረዋል።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ከየከተማው ይሰበሰባል፣ ባለቤቱ ሳይሰማ ሁሉም በሆዱ ይይዘዋል፣ ሰንበት ከሆነ ሰንበት ያልፋል፤ ከዚያ ንጋት ላይ፣ ሰውዬው ለሥራ ሳይወጣ፣ ከቤቱ ራቅ ብለው ተገናኝተው አብረው ገብተው ያረዱታል። ሠራዊት ሳለሁ በዚህ ልማድ ከጓደኞቼ ጋር እስቅ ነበር። የሞተበት ሰው ነው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት፣ አገር አውቆት እሱ የሚስቅበት ምን ዓይነት ደግነት ነው፣ እል ነበር። አፌ ትልቅ ነበር።

እናቴ ሻሿን አስራ፣ ለሥራ ለብሳ፣ ሰገነቱ በር ላይ ቆመች።

«ምን ይታይሃል?» አለችኝ።

«ምንም» አልኋት።

እኔ ነኝ ያልሁት። ሳላስብ፣ ሳልንተባተብ። ከዚያ የማደርገው ጠፋኝና «እስቲ አንድ ላንሳሽ» አልሁ። ያ ሌንስ ቅርብ አይወድም፤ ወደ ኋላ ሄጄ ከግድግዳው ጋር ተለጠፍሁ። ሻሿን አስተካከለች። ፈገግ አለች። አንድ ብቻ አነሳሁ። ወዲያው ከታች በደረጃው የእግር ኮቴ ተሰማ። ብዙ እግር ነው፣ ግን ወሬ የለውም። አንደኛ ፎቅን አለፈ። ሁለተኛን አለፈ። ዘነቡ በሯን ከፍታ ስትቀላቀላቸው ሰማሁ። እናቴ እዚያው ቆማ ወደ እኔ ታያለች እንጂ ወደ በሩ አትዞርም።

የቀረውን አልጽፈውም። ብርቄ ማክሰኞ ታማ ረቡዕ ሞታለች። ሌንሱም አውሮፕላን ማረፊያ አልሄደም።

ያን ጠዋት ለእናቴ ተናዝዤላት አላውቅም ነበር። አብራኝ የምትሠራዋ ሴት ዋጋ ቀነሰልኝ ስትለኝ ጊዜ ግን አላስቻለኝም፤ በማግስቱ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። አርጅታለች፤ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «እማ፣ ያን ዕለት ዋሽቼሻለሁ። ሲመጡ አይቻቸው ነበር» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለች፣ መላጧን ሳታቆም። «እኔ ዓርብ አውቄዋለሁ። ዘነቡ ዘንቢሌን ስትቀማኝ።»

«ሰንበቱን ሙሉ?»

«ሰንበት አይለቀስበትም። ደግሞ አንተ ዕቃህን ገዝተህ ደስ ብሎህ ነበር። አንዲት ቀን ጥገብ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ጠዋት ምን ይታይሃል ብለሽ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ትነግረኝ እንደሆን ልይ ብዬ። ምንም ስትለኝ፣ ልጄ ሰው ሆነ አልሁ።»

ፎቶው አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያስቀመጥሁት ልጇ መሞቷን ያላወቀች ሴት የመጨረሻ ፈገግታ ነው ብዬ ነበር። ትናንት ማታ ከፍቼ ቁጭ ብዬ አየሁት። ዓይኗ እኔን ነው የሚያየው፤ ገና ያልተረዳ ሰው እንደሚታይ። ሱቁ ደጅ ያሉት ሽማግሌዎች እንዳዩኝ፣ ጋሽ ተገኘና ሚስታቸው ቆመው ስበላ እንዳዩኝ። ለካ ያን ሰንበት በዚያ ቤት ውስጥ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የደበቀችኝ ደግሞ እሷ ናት። ያን ቅዳሜ እሷ ምን እንደበላች ለማስታወስ ሞከርሁ። የሚታየኝ የራሴ ሳህን ብቻ ነው።