የአትጠገብ መርዶ

አትጠገብ ባሏን የምታለቅሰው ፋብሪካ ውስጥ ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ካሉት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች፤ ማሽኖቹ አንዴ ከተነሡ አጠገብ የቆመ ሰው እንኳ የሚሉትን አይሰማም። ስለዚህ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች የልቧን ታለቅሳለች። ጥቁር ነጠላዋን እዚያው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ትተዋለች። ወደ ቤት የምትሄደው ፊቷን ታጥባ፣ ቢጫ ሻሿን አስራ ነው። ቤት የሚጠብቋት አማቷ እማማ ወርቄ፣ ልጃቸው ሞላልኝ መሞቱን አያውቁም።

ሞላልኝ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው፤ እዚያው ቀበሩት። አብሮት የወረደው ጓደኛው ኪዳኑ የሟቹን ጋቢ በፌስታል ይዞ መጣና ፋብሪካው በር ላይ፣ ሠራተኛው እየተጋፋ በሚወጣበት ሰዓት፣ «ሞላልኝ አረፈ» አላት። መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ማልዶ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ነው። ኪዳኑ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጨንቆት ነው። እሷ ግን አስፋልቱ ዳር ብቻዋን ቁጭ ብላ ቀረች።

የእድሩ ሰዎች በማግሥቱ እማማ ወርቄን ሊያረዱ ሲነሡ የከለከለቻቸው ራሷ ናት። ቀደም ብላ አሮጊቷን ደሴ ወስዳ ስታስመረምር፣ ሐኪሙ «ልባቸው ደክሟል፤ ድንጋጤ አይችሉም» ብሏት ነበር። «ትንሽ እስኪጠነክሩ ጠብቁ» አለቻቸው የእድሩን ሰዎች። ትንሽ የተባለው ወራት ሆነ። ወሬ አላድር የሚልበት ያ የተከራዩበት ግቢ ሁሉ፣ ከባለቤቱ ከመሕሙድ ጀምሮ፣ አፉን ያዘላት።

ስለ ፍቅር ሲሰበክ ደስ ይላል፤ የሚሰብከው ሰው ግን እማማ ወርቄን አያውቃቸውም። ወጡ ጨው በዛው፣ ትራሱ ከፍ አለ፣ ውሃው በረደ። «ልጄ ቢኖር ማን እንዲህ ያደርገኝ ነበር» ይሏታል፤ እሷ እግራቸውን እያጠበች። ከዚያ ያው ጥያቄ ይመጣል።

«ሞላልኝ ደወለ?»

«ደወለ እማዬ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን።»

«ከኔ ጋር የማታገናኙኝ ምን በድያችሁ ነው?»

አንዳንድ ቀን ትጠላቸው ነበር። «ሞቷል፣ ይኸው ተገላገይ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ባሏን ተነጥቃ ለቅሶውንም መነጠቋ ያንገበግባታል። ሌላዋ ሴት ሐዘን ተቀምጣ፣ ሰው አልቅሶላት ይወጣላታል። እሷ ግን በሟች ስም ሰላምታ እየፈጠረች ታድላለች።

ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደ ሚካኤል ነገረቻቸው። «አባ፣ እኔ አልወዳቸውም። አስታምማለሁ፣ እዋሻለሁ፣ ፍቅር ግን የለኝም። እግዚአብሔርንም ተቀይሜዋለሁ።»

አባ መልሰው ጠየቋት። «ዛሬ እግራቸውን አጥበሻል?»

«አጥቤያለሁ።»

«እንግዲያው ነገም እጠቢ። ቂምሽንም ለሱ ለራሱ ንገሪው፤ ይችለዋል።»

ይህ አላጽናናትም። እንደ መጣች ወጣች፤ ማታም እግራቸውን አጠበች።

ክረምቱ ሲገባ እማማ ወርቄ ባሰባቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇን ያዙ።

«አትጠጌ፣ እኔ መሄዴ ነው። የሞላልኝ ነገር አደራ።»

«ይንገሩኝ እማዬ።»

«የኔን ሞት በስልክ እንዳትነግሩት። ልቡ እንደኔው ስስ ነው። ሲመጣ በልቶ ይደር፤ ሲነጋ ሰው ሰብስባችሁ አርዱት። አንቺም አጠገቡ ሁኚ። ብቻውን እንዳይሰማ፣ ልጄ።»

«እሺ እማዬ። ብቻውን አይሰማም።»

ይህን ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አቅሙን ከየት እንዳመጣችው እግዚአብሔር ይወቀው።

እማማ ወርቄ ሞቱ። አትጠገብ ቀብሩ ላይ አንዲት እንባ አላወጣችም፤ ያለ ማሽን ማልቀስ ጠፍቶባት ነበር። ለቀስተኛው «አንጀቷ ደረቀ» ብሎ አማት። ድንኳኑ ውስጥ መሕሙድ ውሃ ሲያቀብላት ያቺን አደራ ነገረችው። «መርዶ የሚነገረው ሰው ሳይኖር እሺ አልኳቸው» አለችው። እሱም ዐይኑን ጠርጎ ወጣ።

ሠልስቱ ባለፈ ማግሥት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። አባ ወልደ ሚካኤል፣ መሕሙድ፣ ኪዳኑ፣ ከኋላቸውም የእድሩ ሴቶች ነበሩ። እንዴት አደርሽ ብለው ገብተው ተቀመጡ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተጠጓት። ሁሉን እያወቀች ምንም እንደማያውቅ ሰው ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ምን ሆናችኋል?» አለች።

ኪዳኑ መሬት መሬት እያየ፣ «አትጠገብ፣ እህቴ፣ ያኔ በር ላይ ያልኩሽን አልሰማሽም። አሁን ነው የምትሰሚው» አላት።

መሕሙድ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብሎ አንገቱን ደፋ። አባ ተነሡ።

«ልጄ፣ ባልሽ ሞላልኝ አርፏል።»

ሴቶቹ ሳትወድቅ ያዟት። «ሞላልኝ» ብላ ጮኸች፤ ማሽን አልነበረምና ሰፈሩ ሁሉ ሰማት።