አመዱን የደፋሁ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የፈተና ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው በአደጋው ክፋት ብቻ አይደለም። ያን ቀን ፊቴ ቆሞ የተከራከረኝ የራሴ ትምህርት ስለነበር ነው።

ዲላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ወደ ቤቴ በምሄድበት መንገድ ዳር ዱካለ የሚባል የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው አለ። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ሁለተኛዋን አስተምሬያታለሁ። ሳልፍ ሁሌም ሰላም ይለኛል።

ያን ቀን ሰላምታውን ገና ሳልመልስ አንድ ነገር እንደ ጎማ ፈነዳ። ቻርጅ ላይ የነበረ የጭነት መኪና ባትሪ ነው። ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል። የዚያኛው ክዳኖች ጠብቀው ተዘግተው ስለነበር ጋዙ መውጫ አጥቶ ታምቋል። ዱካለ ሽቦውን ሲነቅል የተነሳች ትንሽ ብልጭታ በቃችው።

ዱካለ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደቀ። አሲዱ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ወተት አምጡ ይላል፣ ሌላው ባጃጅ ይጣራል። በመሀል ሳሙኤል ሰዉን ገፍቶ መጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርኩት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባ ጎበዝ ልጅ ነው። እዚያው መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ሻጭ ምድጃ አመድ አፍሶ በጣሳ ውሃ በጥብጧል።

"አስቀምጠው" አልኩት።

"ቲቸር፣ አመድ ቤዝ ነው፣ አሲዱን ያከሽፈዋል። አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽን?"

እውነቱን ነው። አስተምሬዋለሁ። ቀይ አበባ ጨምቄ፣ የአመድ ውሃ ጠብ አድርጌበት ቀለሙ ሲለወጥ አሳይቼዋለሁ። ያልነገርኩት፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለ አሲድና ዓይን ውስጥ የገባ አሲድ አንድ አለመሆናቸውን ነው። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል። የአመዱ ውሃ ደግሞ ለብቻውም ዓይን ይበላል።

ጣሳውን ነጥቄ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት።

ሰዉ ተቆጣ። አንድ ሽማግሌ፣ "ይቺ ሴት ሰውየውን ልታሳውረው ነው" አሉ። አንዱ ክንዴን ያዘኝ።

"እጅህን አንሳ" አልኩት። "ዓይኑ ከጠፋ እኔን ክሰሱ። አሁን ውሃ ስጡኝ።"

የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሻይ ሻጯ የነበሯትን ሁለት ጀሪካን ውሃ ጎትታ አመጣችልኝ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ የዱካለን ራስ ወደ ጎን አዘነበልኩና የዓይኑን ቆብ በጣቶቼ ከፈትኩት። ሳሙኤልን አፍስስ አልኩት። ጀሪካኑን አንስቶ ማፍሰስ ጀመረ።

ዱካለ አፉን የፈታው በጌዴኡፋ ቋንቋ ነው፤ ሲጨንቀው በአማርኛ አንተና አንቺ ይደባለቁበታል። "በቃ ቲቸር፣ ተወኝ" ይለኛል እየተወራጨ።

"አልተውህም።"

ባጃጁ መጣ። አሁንስ ይሂድ ብለው ጮኹብኝ። ሰዓቴን እያየሁ ሃያ ደቂቃ እስኪሞላ አላስነሳሁትም። ሰው ያለኝን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ እዚህ የምጽፈው አይደለም።

ሐኪም ቤት የተቀበለን ሐኪም ማን እንዳጠበው ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩት፤ አመድ ሊያደርጉበት እንደነበርም ነገርኩት። "አመዱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግርሽ ሌላ ነበር" አለኝ። ዱካለ ዛሬ በሁለቱም ዓይኖቹ ያያል። ግራው ትንሽ ይደበዝዝበታል።

ከዚያ ወዲህ የአሲድና የቤዝን ምዕራፍ በቀመር አልጀምርም። ተማሪዎቼን ወደ ግቢ አውጥቼ ዓይን እንዴት እንደሚታጠብ አንድ በአንድ አሠራቸዋለሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ፈተና ላይ ለማይመጣ ነገር ክፍለ ጊዜ አታባክኚ አለኝ። ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ።

በሳሙኤል አልፈርድም፤ የሰጠሁትን ነው የመለሰልኝ። የሚቆጨኝ ከእሱ በፊት ያንኑ ጎዶሎ ትምህርት ይዘው የወጡት ተማሪዎቼ ናቸው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ተቀብያለሁ። የዘንድሮዎቹን አስተምሬያቸዋለሁ። የከርሞዎቹንም አስተምራለሁ።