ጽዋው ከኔ ካለፈ ወደ ማን ይሄዳል?

ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ሽማግሌዎቹ «ዛሬ የሚመሰክር አለ ወይ?» ሲሉ እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እሸቱ እባላለሁ፤ የሟቹ የታመነ ታናሽ ወንድም ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልለመድኩም። ካቃተኝ ትንሽ ዝም እላለሁ፤ እናንተም ታገሱኝ። የቆምኩት ስለ ወንድሜ ፍርሃት ልመሰክር ነው።

አዎ፣ ስለ ፍርሃቱ። በለቅሶው ሰሞን እናቴን ስታጽናኑ «ታመነ እየዘመረ ሄደ፤ እንደ ሰርገኛ ሄደ» ስትሏት ሰምቻለሁ። በፍቅር ነው ያላችሁት፤ ጌታ ይባርካችሁ። ግን እኔ እዚያ ነበርኩ። እየዘመረ አልሄደም። እየተንቀጠቀጠ ነው የሄደው። እኔን ከጌታ ያራቀኝም ይኸው ነበር። «አማኝ ከሆነ ለምን እንዲህ ፈራ? አምላኩስ የት ነበር?» እያልኩ ኖርኩ። መልሱን ጌታ ራሱ ሰጠኝ። ስሙ ይባረክ!

ታመነን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ማር ቆራጭ ነበር። ከጂንካ በላይ ባለው ጫካ፣ ቀና ብለህ ስታየው አንገትህን በሚያምህ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ይሰቅላል። ንብ ሲነድፈው ይስቃል። ጫማዬ ማር ነበር፣ እስክሪብቶዬ ማር ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ የደረስኩት በሱ ማር ነው። እሱ ግን ፊደል አልቆጠረም። አማርኛውንም ግማሹን ከገበያ፣ ግማሹን ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ነው የለቀመው።

ይህ የጸሎት ቤት ታሽጎ አማኞች በየጓዳው በሹክሹክታ በሚጸልዩበት ጊዜ ታመነ ጌታን ተቀበለ። እኔ አልተቀበልኩም። ትምህርት ቤት የሚሰጠን የፖለቲካ ትምህርት ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ማንበብ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ወንጌሉን የማነብለት እኔ ነበርኩ። እሱ ቀፎውን እየጠገነ «አንብብ እስቲ፣ ተማሪው» ይለኛል። አነባለሁ።

አንድ ቀን ጌቴሴማኒ ላይ ደረስን። ጌታ ሲያዝን፣ ሲጨነቅ፣ ያቺ ጽዋ እንድታልፈው አባቱን ሲለምን። ታመነ ሥራውን አቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ። ጽዋው ከሱ ካለፈ ቀጥሎ ተረኛው ማነው?»

«የምን ተረኛ?»

«ጽዋ አይደል ያልከው?»

ሳቄ መጣ። ለካ እሱ የሚያውቀው ጽዋ የእትዬ አስካለን የማርያም ማኅበር ጽዋ ብቻ ነው! ኦርቶዶክሶቹ ጎረቤቶቻችን በየወሩ በዙር ይደግሳሉ። አንዱ ቤት ከተጠጣ በኋላ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ልጆች ሳለን እትዬ አስካለ ዳቦውን በአጥር በኩል ያቀብሉን ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ የእትዬ አስካለ ጽዋ አይደለም! የመከራ ጽዋ ነው» አልኩት።

«የመከራም ቢሆን ጽዋ ጽዋ ነው» አለኝ። «ጽዋ ሜዳ ላይ አይቀመጥም። አንዱን ካለፈ ወደ ጎረቤቱ ነው።»

እናታችን «ምን ያስቃችኋል?» አለች በቋንቋችን በአሪኛ። ተረጎምኩላት። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ የጦር ዘመቻው ነገር መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከጠመንጃ ያዦች ጋር ግቢያችን ገባ። «እማማ» አላት እናቴን፣ «ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይፈለጋል። ትልቁ ወይ ትንሹ፣ እናንተው ተነጋገሩ። እኔን ብትጠይቁኝ ተማሪው ይሻላል፤ የሚጽፍ ሰው ጦሩ ይፈልጋል። ነገ ጠዋት መኪና ይነሳል።» ይህን ብሎ ሄደ።

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።  ታመነ ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ገባ።

ተከተልኩት። እንሰቱን በሁለት እጁ አቅፎ ተንበርክኮ አገኘሁት። ዝናብ የለም፤ ሸሚዙ ግን ርሷል። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ያ ዛፍ ላይ የሚስቅ ሰው! ወገኖች፣ ሰው እንደዚያ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ልመለስ ስል አየኝ።

«አትሂድ» አለኝ። «አታውራ፤ አጠገቤ ብቻ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። የጸለየው በአማርኛ አልነበረም። በእናታችን ቋንቋ ነው፣ ሕፃን አባቱን እንደሚለምን። «አባቴ፣ አልፈልግም። አባቴ፣ ይለፈኝ።» እንደገና፣ እንደገና። መልስ የሰጠው አልነበረም። እኔ አልሰማሁም። የእንሰቱ ቅጠል ብቻ ይንሿሿል።

ይቅርታ፣ ወገኖች። ትንሽ ቆዩኝ።

... በመጨረሻ ዞሮ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ካለፈኝ ወደ ወንድሜ ነው» አለ። ለኔ አልነበረም የተናገረው፤ ለሚለምነው ነው። ተነሣ። ፊቱን በሸሚዙ ጠረገ። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍርሃቱ አልተወውም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ፈርቶ ነው የተነሣው።

ወደ ቤት ስንመለስ «ሾላው ላይ የሰቀልኩትን ቀፎ እንዳትረሳው» አለኝ። «አንተ ግን እንዳትወጣ። እጅህ የእስክሪብቶ እጅ ነው፤ ትወድቅና እናቴን ታስለቅሳታለህ።»

በማግስቱ መኪናው ላይ ወጣ። ሌሎቹ መፈክር ያሰማሉ፤ እሱ የመኪናውን ብረት ጨብጦ ወደኛ ያያል። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። መኪናው ወደ ቀይ አፈር ከተማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔ ተማርኩ። ጨረስኩ። ወንጌሉን ግን አልከፈትኩም። የሚሰማኝ ሰው ሳይኖር ለማን አነባለሁ? ልቤም «ለምኖ ነበር፤ አልተሰማም» ይለኝ ነበር።

ጦሩ ሲበተን ልጆቹ በእግራቸው ይመለሱ ጀመር። እናቴ መንገድ ዳር እየተቀመጠች ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን የቀይ አፈር ልጅ፣ ወርቁ የሚባል፣ ቤታችን መጣ። ከታመነ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ የነበረ ነው። እነሆ፣ እዚያ ጋ ተቀምጧል። ምግብ ስናቀርብለት «መጀመሪያ ልናገር» አለ። እናቴ ያን ጊዜ አወቀች።

«እናቴ፣ ልጅሽ ከሁላችንም በላይ ይፈራ ነበር» አላት። «ውሃ የምንቀዳበት ወንዝ ይተኮስበታል። በተራ ነው የምንወርደው። ተራው ሲደርስ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ባዶው ጀሪካን ይንኳኳል። እኛ እንስቅበት ነበር። አንድ ጠዋት ግን አዘንኩለትና ‹ታመነ፣ ዛሬ ይለፍህ› አልኩት። ‹ካለፈኝ ወደ ማን ይሄዳል?› አለኝ። ከሱ ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነበርኩ።»

 ከዚያ «ወረደ። አልተመለሰም» አለ።

እናቴ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እትዬ አስካለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እኔ አላለቀስኩም። ወንጌሉን ከተሰቀለበት አወረድኩና ጓሮ ገባሁ። ያቺኑ የጌቴሴማኒ ቦታ ገለጥኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ለሱ እንደማነብለት አድርጌ። ጌታ አዘነ ይላል። ተጨነቀ ይላል። እየዘመረ ሞቱን ተቀበለ አይልም! እሱም ይለፈኝ አለ። እሱም «አጠገቤ ሁኑ» ብሎ ጓደኞቹን ለመነ።

ያን ጊዜ የወንድሜ ጥያቄ እንሰቱ ውስጥ ተሰማኝ። ተረኛው ማነው? ጌታን ካለፈው ጽዋው ወደ ማን ይሄዳል? ወገኖች፣ ከጌታ ቀጥሎ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ! ተረኛው እኔ ነበርኩ፣ እኔ! እኔ የሳቅኩበት የታመነ አማርኛ ትክክል ነበር። ጌታ ግን ለሚቀጥለው አላቀበለም፤ እስከ አተላው ጠጣው። ሃሌ ሉያ! ወንድሜ ሲፈራ ብቻውን አልነበረም። ጌታ ቀድሞት ፈርቷል። እንሰቱን ባቀፈበት ሰዓት ያ ፍርሃትን የሚያውቅ ጌታ ከጎኑ ተንበርክኮ ነበር። እዚያው አለቀስኩ፤ እዚያው «ጌታዬ» አልኩት። ክብር ለስሙ ይሁን!

ሐዘኔ አልሄደም። እናቴ አሁንም መኪና ሲመጣ ቀና ትላለች። ግን ብቻዬን አላዝንም፤ የሚያዝን ጌታ አለኝ።

ልጨርስ። ዛሬ ይህ ቤት ተከፍቶ የጌታን እራት እንካፈላለን። ዘቢብ ከአርባ ምንጭ ስላልደረሰ ሽማግሌዎቹ ብርዝ አዘጋጅተዋል። ማሩ የሾላው ነው። እኔ አልወጣሁም፤ ታመነ ከልክሎኛል። ወርቁ ወጣልኝ፣ ተነድፎም ተሳደበ፤ ጌታ ይቅር ይበለው።

እንግዲህ ጽዋው ከፊት ወንበር ተነሥቶ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። እኔም ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ይግቡ እማማ፣ ከእናቴ ጎን ቦታ አለ። የምትፈሩ ካላችሁ፣ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ካላችሁ፣ አትደብቁት፤ እሱ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያውቃል። እመኑት። መራራውን እሱ ጠጥቶ ጨርሶታል። ይህኛው ጽዋ ግን ወደናንተ ሲመጣ፣ ወገኖቼ፣ አይለፋችሁ።