ተሳታፊ ቁጥር አሥራ አንድ

ይህ የገጠመኝ በፈረንጆቹ 2010ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ እየኖርኩ ሳይበር ሴኩሪቲ በምማርበት ጊዜ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን አንድ ሰው ወረቀት ዘርግቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በሌሎች ላይ ብቻ ቢሆን ንዴቱ ይቀለኝ ነበር። ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

ያኔ ጠዋት ጠዋት ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ፣ ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነው፤ ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ ትልቋ እኔ ነበርኩ። ስለ ግል መረጃ አጠባበቅ የሚያስተምረን ፕሮፌሰር አንድ ረዳት ነበረው፤ ብራያን የሚባል፣ ዶክትሬቱን የሚሠራ ወጣት ነው። አንድ ቀን ብራያን ደወለልኝ። እንግሊዝኛ ብዙም የማይችሉ ስደተኞች ስልክና ኮምፒውተር ላይ ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ሪሰርች እየሠሩ ስለነበር፣ አማርኛ ተናጋሪዎችን እንዳመጣላቸውና እንዳስተረጉም ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ለወገኖቼ ይጠቅማል ብዬ አመንኩ። ፕሮፌሰሩ ስሜን እንዲያውቅልኝም ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ጋሽ ከድርን ነው። ጋሽ ከድር ከወሎ የመጡ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሰርግም ሆነ መውሊድ ሲኖር፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ መንዙማ እንዲያወጡ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ከብራያን ጋር ቤታቸው ስንሄድ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ሥራ ላይ ነበሩ። ጋሽ ከድር ብዙ አልጠየቁም። አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ።

«ድምፄን ማን ይሰማዋል?»

«ከኛ ከሦስታችን በቀር ማንም አይሰማውም» አልኳቸው።

ብራያን በእንግሊዝኛ የተጻፈ አራት ገጽ ፎርም አወጣ። የኔ ሥራ መስመር በመስመር መተርጎም ነበር። ብራያን ሰዓቱን ያያል፣ እኔም ክፍል ይረፍድብኛል። የመጀመሪያውን ገጽ ተረጎምኩ። የቀረውን «የተለመደ ነገር ነው ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብዬ አለፍኩት። ፈረሙ።

መቅጃው ተከፈተ። ስለ ስልካቸው ይህንንም ያንንም ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩን። ደሴ የቀረች ልጃቸውን ለማምጣት ካመለከቱ በኋላ፣ ከኢሚግሬሽን የተላከ የሚመስል ኢሜይል ደርሷቸው ነበር። ቶሎ ካልመለሱ ፋይሉ ይዘጋል ይላል። እሳቸውም የልጅቷን የፓስፖርት ቁጥር፣ የራሳቸውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የቤተሰቡን ሁሉ የልደት ቀን ጽፈው ላኩ። ኢሜይሉ የሌባ መሆኑን ያወቁት ቆይተው ነው። ጉዳይዋ በዘገየ ቁጥር «ያበላሸሁባት እኔ ነኝ» እያሉ ሁለት ዓመት ሲብሰለሰሉ ኖረዋል። ለእትዬ ዘይነብ እንኳ አልተነፈሱም።

«ንስር ያለበት ማኅተም አየሁ። ንስር ካለበትማ የመንግሥት ነው ብዬ አመንኩ» አሉና አለቀሱ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ተረጎምኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ፕሮፌሰሩ ለማንም ክፍት የሆነ ንግግር አደረገ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰዎች ለምን እንደሚታለሉ ሲያስረዳ ቆይቶ፣ አሁን ከአንድ ተሳታፊ እንስማ አለ። የጋሽ ከድር ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጣ። አልተቀየረም፣ አልተሸፈነም። ስማቸው የተጠራበት ቦታ ብቻ ተቆርጧል። ስክሪኑ ላይ የኔ ትርጉም ይሄዳል። ንስሩ ጋ ሲደርስ ሰው ሳቀ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሃና እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የኛው ሕንፃ ነዋሪ ናት። ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ፣ ጋሽ ከድር አይደሉም እንዴ አለችኝ። ተነስቼ አቁሙት ማለት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ይህንን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ንግግሩ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ሕንፃው ሁሉ ሰማው። እትዬ ዘይነብ የሰሙት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሀበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ተሰልፈው ሳለ ነው። አንዲት የሚያውቋት ሴት ስለ ልጃቸው ጉዳይ አይዞሽ አለቻቸው። ባለቤታቸው ሁለት ዓመት የደበቋቸውን ነገር ከሰው አፍ፣ ሰው ፊት ሰሙት።

በማግስቱ ጋሽ ከድር በሬን አንኳኩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሦስታችን ብለሽኝ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ደረጃውን ወረዱ።

በንዴት ብራያን ጋ ሄድኩ። እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። ስማቸውን ከቅጂው ቆርጠን አውጥተናል፣ ስለዚህ ማንነታቸው አይታወቅም አለኝ። ፎርሙን አምጥቶ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በጣቱ አሳየኝ። ቅጂው ለማስተማሪያ ሊውል ይችላል ይላል። ያለፍኩት ገጽ ነው። ሰው ሳያነብ እንደሚፈርም፣ እንዲህ ያለ ፊርማም ፈቃድ ሊባል እንደማይገባ ክፍል ውስጥ ያስተማረን ደግሞ ያው ፕሮፌሰር ነው!

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናትን የሚቆጣጠር ቢሮ አለ። እዚያ አመለከትኩ። ፎርሙን ሙሉውን እንዳልተረጎምኩም ሳልደብቅ ጻፍኩ። በቀጠሮው ቀን ጋሽ ከድር ሱፋቸውን ለብሰው አብረውኝ መጡ። ፕሮፌሰሩም ተጠርቷል። አዳራሹ ውስጥ ድምፃቸውን የሚለይ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም አለ። ይህን ስተረጉምላቸው ጋሽ ከድር ቀና ብለው አዩት።

«ሰው ማለት ስሙ ብቻ ነው እንዴ? እኔን ወገኔ የሚያውቀኝ በድምፄ ነው። እናንተ ስሜን ቆርጣችሁ እኔን አደባባይ አወጣችሁኝ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። አንዱንም አላለሳለስኩም።

ቅጂው ከድረ ገጹ ወረደ። ከወር በኋላ የይቅርታ ደብዳቤ መጣ፤ ጋሽ ከድር እንዳነብላቸው ይዘውት ወጡ። ፖስታው ላይ ሙሉ ስማቸውና አድራሻቸው ተጽፏል። ውስጡ ግን «ውድ ተሳታፊ ቁጥር አሥራ አንድ» ብሎ ይጀምራል። ልቀደው ቃጣኝ። እሳቸው ተቀብለውኝ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ልጃቸው በዓመቱ መጣች። ያ ኢሜይል ጉዳይዋን ያዘግየው አያዘግየው እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። ጋሽ ከድር ይቅር ብለውኛል። እትዬ ዘይነብ ግን ከሰላምታ አልፈው አያናግሩኝም፤ አልፈርድባቸውም።

አንድ ነገር ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። ቢሮው ፊት ከቀረብን በሳምንቱ የፕሮፌሰሩ የመጨረሻ ፈተና ነበር። አንዱ ጥያቄ፣ የጥናት ተሳታፊን ፈቃድ እንዴት እንደሚጠይቁ ያብራሩ ይላል። የጋሽ ከድርን ታሪክ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። ከዚህ በላይ ባስቀይመው ውጤቴን ያበላሸዋል ብዬ ፈራሁ። የጀመርኩትን ሰርዤ መጽሐፉ የሚለውን ጻፍኩ።

ዛሬ በሙያው እሠራለሁ። ሰው ሊፈርም ሲል መስመር በመስመር አነብለታለሁ፤ ቢሰለቸውም አልተውም። ፕሮፌሰሩ ግን ለዚያ ትምህርት ኤ ሰጥቶኛል። ትራንስክሪፕቴን ባወጣሁ ቁጥር እዚያው አለ፤ ባየሁት ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ።